የጅማ ተራሮች የጂኦሎጂ ካርታ፦ ከመዶሻና ኮምፓስ እስከ ኮምፒውተር

ስለ ጅማ ቡና፣ ስለ ሂርማታ ገበያና ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥት ብዙ ተጽፏል። ቡናውን ስላበቀለው ምድር ዓለት ግን በአማርኛ ተሰብስቦ የሚነበብ ነገር እምብዛም አይገኝም። ይህ ዳሰሳ ከጊቤ ሸለቆ እስከ ጎጀብ በተዘረጋው ደጋ ላይ የተሠራውን የጂኦሎጂ ካርታ ታሪክና ካርታው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የገባበትን መንገድ ያስቃኛል። የጂኦሎጂ ካርታ ማለት የትኛው ዓለት የት እንደሚገኝ፣ ምን በምን ላይ እንደተነባበረና ምድሩ የት የት እንደተሰነጠቀ በቀለምና በመስመር የሚያሳይ ካርታ ነው።

ምድሩ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች፣ ቁመቱ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈውን ማይጉዶን ጨምሮ፣ የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ከእነሱ ሥር ያለው ጥንታዊ መሠረት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ግራናይት፣ ናይስና መሰል ዓለት ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያ ወርቅና ፕላቲነም ምንጩ ይኸው መሠረት ነው። አኮቦ በወርቅ፣ የወለጋው ዩብዶ በፕላቲነም ስማቸው ሲነሳ ጅማ አብራ የማትጠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚህ መሠረቱ በወፍራም ላቫ ተቀብሯል።

ላቫው ራሱ ግን የጅማን ስም ይዞ በዓለም የጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ ገብቷል። «የጅማ እሳተ ገሞራ ዓለቶች» የሚባለው ክፍል ሁለት እርከን አለው። የታችኛው በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ግንበኛው ጥቁር ድንጋይ የሚለው ማለት ነው። የላይኛው በአብዛኛው ራዮላይትና ትራካይት፣ እንዲሁም የእሳተ ገሞራ አመድ ጠጥሮ የሠራው ነጣ ያለ ዓለት ነው። ዕድሜያቸው ከ43 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተለክቷል። በሰሜን ኢትዮጵያ ያለው ታላቁ የባዛልት አምባ በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራብ ግን እሳቱ የጀመረው ከዚያ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በአገራችን የዚህ ዘመን እሳተ ገሞራ መነሻው ይህ አካባቢ ነው ማለት ያስችላል።

ላቫው በአንድ ጊዜ አልፈሰሰም። በአንዱና በሌላው ፍሳሽ መካከል ሐይቅና ረግረግ ለመፈጠር፣ ደን ለመብቀልና ለመቀበር የሚበቃ ጊዜ ነበር። የደልቢ ሞዬ የድንጋይ ከሰልና ዘይት አዘል ሸክላ ድንጋይ፣ የጎጀብ ጪዳ ከሰልም፣ ከእነዚያ ረግረጎች የቀሩ ናቸው።

የካርታው ታሪክ

በጊቤ ዳር መንግሥታት ዘመን የአካባቢውን ድንጋይ ጠንቅቀው ያውቁ የነበሩት ብረት አቅላጮቹ ናቸው። በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባሉት እነዚህ ባለሙያዎች ብረት ያዘለውን ቀይ ድንጋይ ከየት እንደሚያወጡ ካርታ አላስፈለጋቸውም፤ እውቀታቸው ግን ሳይጻፍ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር የመጣው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ የኢትዮጵያን ላቫ በደረጃ ከፍሎ ስም ቢሰጠውም፣ የተጓዘው በሰሜን ብቻ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጅማ የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር መቀመጫ ነበረች፤ ማዕድን ፍለጋም ተካሂዷል።

የማዕድን ሚኒስቴር የጂኦሎጂ መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲቋቋም ሥራው መልክ ያዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጂኦሎጂስቱ ካዝሚን ያዘጋጀው የመላ ኢትዮጵያ ካርታ በ1፡2,000,000 መጠን ወጣ። በዚህ መጠን አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጅማ ከተማ በእርሳስ ጫፍ ትሸፈናለች።

ለጅማ ትልቁ ሥራ የኦሞ ወንዝ ፕሮጀክት ነው። በካናዳ ድጋፍ የተካሄደው ይህ ጥናት የኢሉባቦርን፣ የከፋን፣ የጋሞ ጎፋንና የሲዳሞን ክፍለ ሀገሮች ከፊል ያካለለ ሲሆን፣ ጂኦሎጂስቱ ዴቪድሰን ያጠናቀረው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1983 በአዲስ አበባ ታትሟል። ጂፒኤስ በሌለበት ዘመን የተሠራ ነው። አካሄዱን ለዛሬ ተማሪ ማስረዳት ተገቢ ነው። ሁለት ተከታታይ የአየር ፎቶዎች በስቴሪዮስኮፕ ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተራራው ከወረቀቱ ተነሥቶ ይታያል። ጂኦሎጂስቱ የዓለቱን ወሰን በስስ እርሳስ በፎቶው ላይ ያሰምራል፤ ከዚያ በእግርና በበቅሎ ወርዶ፣ ወንዝ ለወንዝ ሄዶ፣ ድንጋዩን በመዶሻ ሰብሮ ያረጋግጣል። የንብርብሩን አቅጣጫና ዝንባሌ በኮምፓስ ይለካል፤ የደለል ናሙና ይሰበስባል። የዓለቱ ዕድሜ የተለካው በፖታሲየም አርጎን ዘዴ ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። ዛሬ ስለ ጅማ ዓለት የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ዲጂታሉን ካርታ ጨምሮ፣ የቆመው በእነዚህ ሰዎች እግር በተረገጠ ምድር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የአገሪቱ ካርታ ሁለተኛ እትም በኢትዮጵያውያኑ በመንገሻ ተፈራ፣ በታዲዎስ ቸርነትና በወርቅነህ ሀሮ ተዘጋጅቶ ታተመ። የጅማ ዓለቶች የታችኛውና የላይኛው ክፍል ለየብቻ ቀለም ያገኙበት ካርታ ነው። የታችኛው ክፍል በምዕራብ በኩል የት እንደሚያበቃና መኮንን ባዛልት የሚባለው ሌላ የላቫ ክፍል የት እንደሚጀምር አጥኚዎች ሁሉ እኩል አይስማሙም።

ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር

ወረቀቱን ስካን አድርጎ ማስገባት ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የድሮዎቹ ካርታዎች የተሠሩት ኬክሮስና ኬንትሮስን አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልኬት በመቁጠር ነው፤ ጂፒኤስ የሚያነበው ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ልኬት ነው። ሁለቱን ሳያስማማ የሠራ ሰው ዓለቱን 200 ሜትር ገደማ አንሸራትቶ ያስቀምጣል። ይህ ርቀት ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ነጥብ ወንዝ ውስጥ ለመክተት ይበቃል።

ሌላው ጣጣ የዞን ወሰን ነው፤ ዞን ሲባል አስተዳደሩ ሳይሆን ካርታ ሠሪዎች ምድርን በየስድስት ዲግሪ ኬንትሮስ የሚከፍሉበት፣ ዩቲኤም የሚባለው ክፍል ነው። ጅማ በ37ኛው ዞን ውስጥ ብትሆንም፣ ዞኑ የሚጀምርበት 36ኛው ኬንትሮስ ከከተማዋ በስተምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። የደልቢ ሞዬ ከሰል በ37 ሲውል በኢሉባቦር ያለው የያዩ ከሰል በ36 ይውላል። የሁለቱን ናሙናዎች በአንድ ሠንጠረዥ የሚያስገባ ሰው የዞኑን ቁጥር ከረሳ አንዱ የከሰል ቦታ ከነደኑ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ያርፋል። ጅማን የያዘው የ1፡250,000 ሉህ ቁጥሩ ኤንቢ 37-1 ነው፤ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ36 እስከ 37 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ያለውን ከ18,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል።

የሳተላይት ምስል ሥራውን አቅልሎታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር የለካችው የመሬት ከፍታ ለአፍሪካ በ30 ሜትር ጥራት በነፃ የተለቀቀው በ2014 ነው። ከዚህ መረጃ ላይ ብርሃን ከጎን እንደሚበራ ተደርጎ የተራራ ጥላ ሲሠራ፣ በእግር ሲሄዱ የማይታዩ ረጃጅም ስንጥቆች ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ራዳር ደመናን አልፎ ስለሚያይ ለጅማ የተፈጠረ ያህል ነው።

በቀለም ምስል በኩል ግን ጅማ አስቸጋሪ ምድር ናት። አስተር የተባለው የሳተላይት መሣሪያ ዓለትን ከዓለት የሚለይባቸው ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚያነቡት ስድስት የአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ ባንዶቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ አቁመዋል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት በበጋ የተነሣና ደመና የሌለበት ምስል መፈለግ ግድ ነው። ምስሉ ቢገኝም ዓለቱ ቡና፣ ደንና ወፍራም ቀይ አፈር ለብሷል። በረሃ ላይ የማዕድን ምልክት የሚሆኑት የብረት ዝገትና የሸክላ ማዕድናት እዚህ በየታረሰው ማሳ ላይ ናቸው፤ ኮምፒውተሩም የገበሬውን የበቆሎ እርሻ ማዕድን ብሎ በቀይ ይቀባል። በሌላ አገር የተሳካ ዘዴ ነው ብለው በጅማ ላይ እንዳለ የሚገለብጡ ሥራዎች በዚህ ይሳሳታሉ። እዚህ ዓለት የሚታየው በወንዝ ገደል፣ በመንገድ ቆረጣና በድንጋይ ካባ ነው፤ ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ወርዶ ማየትን የሚተካ ነገር የለም። ልዩነቱ ማስታወሻ ደብተሩ ታብሌት መሆኑና እያንዳንዱ ፎቶ ከነቦታው መመዝገቡ ነው። ኪውጂስ የተባለው ነፃ የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ደግሞ ፈቃድ መግዛት ለማይችል ተማሪ በር ከፍቷል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን መስመሩ ነው። በወረቀት ካርታ ላይ ጂኦሎጂስቱ ያየውን ወሰን ባልተቆራረጠ መስመር፣ የገመተውን በቁርጥራጭ፣ በአፈር የተሸፈነውን በነጠብጣብ ያሰምራል። ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ወፍራም መስመር ከሆነ፣ ዴቪድሰንና ባልደረቦቹ «እንጃ» ያሉት ቦታ «አዎ» ይሆናል። ለእያንዳንዱ መስመር «የታየ»፣ «የተገመተ»፣ «የተሸፈነ» የሚል ዓምድ በሠንጠረዡ ውስጥ ማስገባት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያንን ዓምድ የዘለለ ካርታ መልኩ ቢያምርም ከወረቀቱ ያነሰ ነው።

ካርታው የሚፈለግበት ጉዳይ

የጅማ ዙሪያ ከሰል አመዱ የሚበዛ ነው የሚሉ አሉ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ ያስገቡት የነበረውን ለመተካት ግን ጠቃሚ ሀብት ነው። የያዩው ከሰል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ክልልነት ከመዘገበው የቡና ደን ጋር የተጎራበተ ስለሆነ የዓለቱ ካርታ ከደኑ ካርታ ጋር ተደራርቦ መታየት አለበት።

የምድሩን ውስጥ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የጊቤ 2 ኃይል ማመንጫ አሳይቷል። የግልገል ጊቤን ውኃ በፎፋ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ወስዶ 420 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው በዚህ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁፋሮው ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ጭቃና ፍርስራሽ ግዙፉን የመቆፈሪያ ማሽን ወደ ኋላ ገፋው። በጥር 2010 ተመርቆ ጥቂት ቀናት ሳይቆይም የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ በኋላ ተጠግኖ ሥራ ጀምሯል።

በዚያው በግልገል ጊቤ ተፋሰስ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የመሬት መንሸራተትን ቦታ ለቦታ አጥንተዋል። ወንዙ የተዳፋቱን እግር ሲቦረቡረው፣ የበሰበሰው ዓለት በክረምት ውኃ ሲጠግብ፣ ማሳው ከነሰብሉ ይወርዳል፤ የወረደው አፈር መጨረሻው የግልገል ጊቤ ግድብ ነው። የዓለቱ፣ የተዳፋቱና የወንዙ የካርታ ሽፋኖች (ሌየሮች) በአንድ ስክሪን ላይ ሲደራረቡ፣ ቤት የማይሠራበትን ጎን ለቀበሌው ሊቀመንበር በጣት ማሳየት ይቻላል።