ኢንተርሎኪንግ ምንድን ነው? «ታዟል» ማለት «ቀርቧል» አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ድሬዳዋ ከዚራ ወዳለችው የጥገና ቤቴ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ኮምፖርሳቶ ተሸክሞ መጣ። ላዩ ላይ ትንንሽ ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ ሦስት የሲግናል መብራት። እጁ ወርቅ ነው፤ ብየዳው ራሱ ያምራል። «ኢንተርሎኪንግ ሠርቼለታለሁ» አለኝ። ማብሪያውን ወደ ግራ ሲጥለው የሐዲድ መቀየሪያው (ባቡሩን ወደ ሌላ መስመር የሚያዞረው) ሞተር ዝዝ ብሎ ይዞራል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ወደ ቀኝ ሲጥለው ቀይ።

ምንም ሳልናገር የክብሪት እንጨት አንስቼ በመቀየሪያው ምላስና በሐዲዱ መካከል ሰካሁ። ምላስ የምለው ያቺን ወዲያና ወዲህ የምትሄደውን ቀጭን ብረት ነው። «እስቲ አሁን ጣለው።» ጣለው። ሞተሩ አቃሰተ፣ ምላሱ ክብሪቱ ላይ ተደግፎ ቀረ፣ አረንጓዴው ግን ቦግ አለ። ባቡሩን ለቀቀው። ሐዲድ ስቶ ተጋደመ።

ይህንን ነገር ስንቴ እንዳየሁት! ሞተሩንና መብራቱን አንድ ማብሪያ ላይ አስሮ ኢንተርሎኪንግ ብሎ መጥራት።

ካፌ ገብተህ ማኪያቶ አዘዝክ እንበል። ቆየብህ። አስተናጋጇን ስትጠይቃት «ታዟል» ትልሃለች። መታዘዙንማ አንተም ታውቃለህ። ወተት አልቆ ይሆናል፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል። የልጁ አረንጓዴ መብራት «ታዟል» የሚል መብራት ነው። ሞተሩ መታዘዙን እንጂ ምላሱ ቦታው መድረሱን አያውቅም። ሲግናል ደግሞ «ቀርቧል» ካላለ ምን ይሠራል?

«ቀርቧል» የሚል መብራት ከሠራን ኢንተርሎኪንግ ሆነ ማለት ነው? ገና ነው። እሱ ማረጋገጫ ብቻ ነው። ኢንተርሎኪንግ ፊሹ ነው። አስተናጋጇ ፊሽ ካላመጣች ባንኮኒው ጋ ያለው ሰው አይሰጣትም፤ ብትስቅለትም ብትቆጣውም። አሁን ለካፌው በሙሉ ያለው ፊሽ አንድ ብቻ ነው በል። ጠረጴዛ 3 ከያዘው፣ ጠረጴዛ 5 ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ካፌው በሁለተኛው ቀን ይዘጋል፤ ባቡር ግን የሚኖረው በዚህ ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ እንዲያውም የምር ፊሽ የሚመስል ነገር ነበር፤ ነጂው ዱላውን ወይም ሰሌዳውን በእጁ ካልያዘ ወደዚያ መስመር አይገባም።

ስለዚህ ኢንተርሎኪንግ ማለት አብሮ ማብራት ሳይሆን መከልከል ነው። አደገኛውን ነገር ልታደርግ ስትል መሣሪያው ራሱ እንቢ ይላል። የልጁ ስህተት ደግሞ የተከበረ ስህተት ነው። ጆን ሳክስቢ የሚባል እንግሊዛዊ በ1856 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያም መቀየሪያውንና ሲግናሉን አንድ ላይ የሚያንቀሳቅስ ነበር። የምር የሚከለክለው የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ነገሩ የቆየ እውቀት ነበር።

«አቦ፣ መጫወቻ እኮ ነው፤ ማን ሊሞት ነው?» ያለኝ ሰው አለ። ማንም አይሞትም። እንደዛ ከሆነ ግን ስሙን አትዋስ። «አብሮ የሚበራ መብራት» በለውና እንስማማ። ደግሞ ነገሩ የሚያስወጣው የአንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ዋጋ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲግናሉ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ማብሪያ ይኑረው። ከምላሱ አጠገብ አንዲት ማይክሮ ስዊች (በትንሽ ግፊት የምትሠራ ማብሪያ) አስቀምጥ፤ ምላሱ ጥግ ሲደርስ ብቻ የምትጫን። ከተበላሸ የኮምፒዩተር ማውስ ውስጥ ታገኛታለህ። (ማይክሮዌቭ ውስጥም አለች። እሱን ግን እባክህ አትክፈት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው ይገድላል።) 12 ቮልቱ በሲግናሉ ማብሪያ፣ ቀጥሎ በማይክሮ ስዊቿ አልፎ ባለ 8 እግር (ሁለት ወገን መገናኛ ያለው) ሪሌይ ያስነሳ። ሪሌዩ ሲነሳ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ) በአንዱ ወገን አረንጓዴው ይበራል፣ ሲወድቅ (ሲያጣ) ቀዩ። ለየኤልኢዲው 1 ኪሎ ኦም ሪዚስተር ይበቃል። በሌላው ወገን ደግሞ የሞተሩን መስመር አሳልፈው፤ ሪሌዩ ሲወድቅ ብቻ እንዲገናኝ።

አሁን አረንጓዴ በርቶ እያለ የሞተሩን ማብሪያ ብትጥለው ምንም አይሆንም። መጀመሪያ ሲግናሉን ወደ ቀይ መልስ። ወደ ሪሌዩ የሚሄደው ሽቦ ቢበጠስ፣ የሪሌዩ ጥቅል ቢቃጠል፣ አይጥ ብትበላው፣ የሚመጣው ቀይ ነው። ሁለቱም መብራት ከጠፋ? የጠፋ ሲግናል በምሩም ባቡር ላይ እንደ ቀይ ይቆጠራል።

ባለ ሁለት ጥቅል ሞተር (ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ምላሱን ወዲያና ወዲህ የሚስቡበት) ካለህ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የሚፈልገው የቅጽበት ጉልበት ነው። በማብሪያ ይዘህ ካቆየኸው ይሸታል፣ ከዚያ ይጨሳል። የበር ደወል ቁልፍ አድርግለት። በሰርቮ ሞተርና በአርዱይኖ (ሞተሩን በፕሮግራም በሚያዝ ትንሽ ቦርድ) የምትሠራ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚሆነውን አስብ፤ ሰርቮው ተፈናጥሮ ሊነሳ ይችላል። ፕሮግራምህ ሁሉንም ቀይ አድርጎ ይጀምር። እኛ ሰፈር ይህ በቀን ሁለቴ ሊፈተን ይችላል።

ልጁ ትናንት ተመልሶ መጣ። ክብሪቱን ሰካን፣ ቀዩ አልተነቃነቀም። ደስ አለው። እኔ ደግሞ ከደረሰኝ ላይ ቁራሽ ወረቀት ቀድጄ ሁለቴ አጠፍኩና ክብሪቱ በነበረበት ቦታ አስገባሁ። አረንጓዴ በራ። ማይክሮ ስዊቿ ምላሱ ጥግ ሳይደርስ ቀድማ ትጫናለች። ብሎኗን ግማሽ ዙር መልሰን እንደገና ሞከርን።