ሃሮልድ ዋግስታፍ

ሃሮልድ ዋግስታፍ (እ.ኤ.አ. 1891–1939) የእንግሊዙ ሃደርስፊልድ ክለብና የብሪታንያ ቡድን አምበል የነበረ፣ ከራግቢ ሊግ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ ከሚጫወቱት የራግቢ ጨዋታ ሁለት ዓይነቶች አንዱ) የመጀመሪያ ዘመን ተጫዋቾች ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሣ ሰው ነው።

ራግቢ ለሁለት የተከፈለው በደመወዝ ጉዳይ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚጫወቱት ማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ለጨዋታ ብለው ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጥ ነበር። የለንደን ሹማምንት ካሳ እንዳይከፈል ስለከለከሉ፣ በ1895 የሰሜን ክለቦች ሃደርስፊልድ በሚገኘው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የእነርሱ ጨዋታ በኋላ ራግቢ ሊግ፣ ነባሩ ደግሞ ራግቢ ዩኒየን ተባለ። የተፈቀደው ካሳ በቀን ስድስት ሽልንግ ብቻ ነበር።

በሆልምፈርዝ የተወለደው ዋግስታፍ በ1906 በአምስት የወርቅ ፓውንድ ሲፈርም ገና 15 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ ብሎ በሜዳው ላይ ክፍት ቦታ በዛ። አዲሱ ሕግ ልክ ለእርሱ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል፤ ዋግስታፍ ኳስን ለግቶ ለባላጋራ መስጠትን እንደ ብክነት ያየው ስለነበር፣ ሃደርስፊልድ በቅብብል የሚያጠቃ ቡድን ሆነ። የክንፍ ተጫዋቹ አውስትራሊያዊው አልበርት ሮዘንፌልድ በ1913–14 ያስቆጠራቸው 80 ትራዮች (ትራይ ኳሷን ከባላጋራ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ ነው) እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ በውድድር ዘመኑ የነበሩትን አራቱንም ዋንጫዎች ጠቅልሎ ወሰደ፤ በቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ሴንት ሄለንስን የረታው 37 ለ 3 ነበር።

ይሁንና ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራው በሐምሌ 1914 በሲድኒ፣ ብሪታንያ ከአውስትራሊያ ጋር ካደረገቻቸው ሦስት ግጥሚያዎች የመጨረሻው ነው። አውስትራሊያውያን ይህ ሦስተኛው ግጥሚያ ከተያዘለት ቀን ቀድሞ እንዲካሄድ አደረጉ፤ ብሪታንያ በስምንት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ መጫወት ግድ ሆነባት። የብሪታንያ ቡድን አመራር ብዙ ቁስለኛ አለብን ብሎ ቢከራከርም ከእንግሊዝ የመጣው ትእዛዝ ተጫወቱ የሚል ነበር። ያኔ ተቀያሪ ተጫዋች አይፈቀድም። የክንፍ ተጫዋቹ ፍራንክ ዊልያምስ ተጎድቶ ወጣ፤ ዳግላስ ክላርክ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰብሮ ተከተለው፤ ቢሊ ሆል ራሱን ተመትቶ ወጣ። አሥር ሰው ብቻ ቀረ። ዋግስታፍ መከላከያውን ሰንጥቆ ለቺክ ጆንሰን አቀበለ፤ የፊት መስመር ተጫዋች ሆኖ ሳለ በክንፍ የተሰለፈው ጆንሰን ኳሷን መሬት ላይ ጥሎ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች በእግሩ እየገፋ ትራይ አስቆጠረ። ብሪታንያ 14 ለ 6 አሸነፈች። ጨዋታው ጥቂት የብሪታንያ ወታደሮች በ1879 በደቡብ አፍሪካ ከተዋጉበት ስፍራ ስም ተሰጥቶት የሮርክስ ድሪፍት ፍልሚያ ተባለ። የስያሜው የቅኝ ግዛት መንፈስ ለዛሬ ጆሮ አይጥምም፤ ስሙ ግን አልለቀቀም።

ዓለም ጦርነት ውስጥ ሲገባ ዋግስታፍና አንዳንድ የክለብ ጓደኞቹ ለጦር ሠራዊቱ ቡድን ተጫወቱ። የተጫወቱትም ራግቢ ዩኒየን ነበር፤ ባለሙያዎችን ያገደው ማኅበር ለጦርነቱ ሲል በሩን ከፈተላቸው፤ ጦርነቱ ሲያበቃም መልሶ ዘጋው። ዋግስታፍ በ1920 ቡድኑን ዳግመኛ ወደ አውስትራሊያ መርቷል። በ1988 የብሪታንያ ራግቢ ሊግ የዝነኞች መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ ከገቡት ዘጠኝ ተጫዋቾች አንዱ እርሱ ነበር።