ስለ ሱፐርሂሮ አኒሜሽን በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ዝናብ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። እንዲህ ባለ ቀን ፊልም ማየት የብዙ ሰው መዝናኛ ነው። አንዱ ፍላሹን ይዞ መርካቶ ሄዶ ያስጭናል። ተማሪው ዶርም ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደራርቦ ያያል። ከኮሚክ መጽሐፍ (ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ከሚነገርበት) የተወሰዱ የሱፐርሂሮ አኒሜሽኖች ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። የሚዘለሉበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። እነዚህን ፊልሞች ከልቤ ስለምወድ ደጋግሜ የምሰማቸውን አስተያየቶች ላንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኮፒው ተበላሽቷል»

ይሄ በ2018 በወጣው «ስፓይደርማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደርቨርስ» ላይ የሚነሳ ቅሬታ ነው። ሰው ፊልሙን አስጭኖ ይወስድና ብዙም ሳያይ ተመልሶ ይመጣል። «ይቆራረጣል፣ ቀለሙም ተደራርቧል፣ ጥራት ያለው ስጠኝ» ይላል። የሚጭነው ልጅም አምኖት ሌላ ፋይል ይፈልግለታል። ሁለተኛውም ያው ነው።

ፋይሉ ምንም አልሆነም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። በተለመደው የኮምፒውተር አኒሜሽን ገጸ ባህሪው በእያንዳንዱ ምስል ላይ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴው ልስልስ የሚለውም ለዚህ ነው። እዚህ ፊልም ላይ ግን ብዙ ቦታ አንዱ አቋም ለሁለት ምስል ያህል ሳይለወጥ ይቆያል። በሰከንድ 12 አቋም ብቻ ማለት ነው። ዓይናችን ይሄን ቆረጥ ቆረጥ ሲል ያየዋል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

አዲሱ ስፓይደርማን ማይልስ ሞራሌስና ነባሩ ስፓይደርማን ፒተር ፓርከር ጫካ ውስጥ በድር እየተወዛወዙ የሚያመልጡበትን ቦታ ደግማችሁ እዩት። የለመደው ፒተር በ24 ይንቀሳቀሳል። ጀማሪው ማይልስ በ12። ሁለቱም አንድ ስክሪን ላይ ናቸው። ልጁ ገና እንዳልቻለበት ሰውነቱ ይነግረናል። እየለመደ ሲሄድ እንቅስቃሴውም አብሮ ይለሰልሳል። እንግሊዝኛው ቶሎ የማይገባው ሰው እንኳ ይሄን ያነበዋል። እኔ በበኩሌ ታሪክን በዚህ መንገድ መንገር ትልቅ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀለሙስ? የድሮ ኮሚኮች ርካሽ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም ነበር የሚታተሙት። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚያርፍ አንዱ ከሌላው ትንሽ ሸርተት ይላል። የፊልሙ ሠሪዎች ያንን የማተሚያ ቤት ስህተት ወስደው መሣሪያ አደረጉት። ሌሎች ፊልሞች ራቅ ያለውን ነገር ያደበዝዙታል። እዚህ ግን ከኋላ ያለው ሕንፃና መብራት ቀለሙ ተለያይቶ ይታያል። አንዴ ፖዝ አድርጉና የማይልስን ፊት ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጥላው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦችና ሰረዞች ተደርድረዋል። የኅትመት አሻራ ናቸው። ስለዚህ ወደ ሱቁ ከመመለሳችሁ በፊት ድምፁን አዳምጡ። ድምፁ ካልተቆራረጠና ጽሑፎቹ ጥርት ብለው ከተነበቡ ፋይሉ ደህና ነው።

«ሁሉንም የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው»

ኮምፒውተር አለ፣ ግን እጅ ይቀድማል። በዚሁ ፊልም ላይ ሠሪዎቹ የሚፈልጉትን መልክ እስኪያገኙ ድረስ 10 ሰከንድ ለመሥራት አንድ ዓመት ያህል እንደፈጀባቸው ተናግረዋል። በኮምፒውተር የተሠራው ፊት ላይ የሚታዩ ብዙ መስመሮችን ሠዓሊ ነው የጨመራቸው። ፊልሙ በ2019 በምርጥ አኒሜሽን ኦስካር ወሰደ። ከሦስቱ ዳይሬክተሮች አንዱ ፒተር ራምሲ ሲሆን፣ በዚያ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዳይሬክተር ሆነ።

«ካርቱን የልጆች ነው»

ይሄኛው በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ በኩል አዋቂው ሊወደው የሚችለውን ፊልም ሳያይ ያልፈዋል። በ1993 የወጣው «ባትማን፦ ማስክ ኦቭ ዘ ፋንታዝም» ላይ ብሩስ ዌይን (ባትማን ማለት እሱ ነው) በዝናብ መሐል ወላጆቹ መቃብር ላይ ተንበርክኮ ይለምናል። ወንጀልን ሊዋጋ ቃል ገብቶላቸው ነበር። አሁን ፍቅር ይዞታል፣ ደስታም አግኝቷል። ከቃሉ እንዲፈቱት ነው የሚለምናቸው። ለሟች የገባው ቃል የከበደው ሰው ሁሉ ይሄን ሲያይ ልቡ ይነካል።

በሌላ በኩል ደግሞ ወላጅ «ካርቱን ነው» ብሎ ለልጁ ይከፍትለታል። እባካችሁ መጀመሪያ እዩት። በ2016 የወጣው «ባትማን፦ ዘ ኪሊንግ ጆክ» አሜሪካ ሲኒማ ሲገባ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳያየው የሚከለክል ደረጃ ነው የተሰጠው። ሥዕል መሆኑ ጭካኔውን አያቀለውም።

«ጥቁሩን ስፓይደርማን ፊልሙ ነው የፈጠረው»

አይደለም። ማይልስ ኮሚክ ላይ የወጣው በ2011 ነው፣ ከፊልሙ ሰባት ዓመት ቀድሞ። ደራሲው ብራያን ማይክል ቤንዲስ፣ ሠዓሊዋ ጣሊያናዊቷ ሳራ ፒኬሊ ናቸው። ፒተር ፓርከር ደግሞ በ1962 በስታን ሊና በስቲቭ ዲትኮ ተፈጠረ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ክርክር አለ፦ «ከኮሚኩ ከተለየ ተበላሽቷል»። ይሄን የሚሉ ሰዎች ሃርሊ ኩዊንን ያስታውሱ። የባትማን ጠላት የጆከር አጋር የሆነችው ሃርሊ መጀመሪያ የታየችው በ1992 በባትማን የቴሌቪዥን አኒሜሽን ላይ ነው። ኮሚኩ ነው በኋላ ከአኒሜሽኑ የወሰዳት። ዛሬ ያለ እሷ የባትማንን ዓለም ማሰብ ይከብዳል። አኒሜሽን ከኮሚክ ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል።

«ሱፐርሂሮ የፈረንጅ ብቻ ነው» ለሚሉ ደግሞ ኢታን ኮሚክስ በ2018 ኢትዮጵያዊ ሱፐርሂሮ ያለበትን «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ አሳትሟል። አንድ ቀን በአኒሜሽን ባየው ደስታዬ ወሰን የለውም።

«ስም መውጣት ሲጀምር አለቀ»

ብዙ ቤት የሠሪዎቹ ስም መዘርዘር ሲጀምር ፊልሙ ይዘጋል። በስፓይደርቨርስ ይሄ ያስቆጫል። ስቲቭ ዲትኮና ስታን ሊ ሁለቱም ያረፉት ፊልሙ በወጣበት በ2018 ነው፤ መታሰቢያቸው እዚያ መጨረሻው ላይ አለ። ስሙ ሁሉ አልፎ ሲያልቅም ሚጌል ኦሃራ የሚባል ሌላ ስፓይደርማን ብቅ ይላል። በ2023 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ማይልስን የሚያሳድደው እሱ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ራሱ «መሐል ላይ ተቆርጧል» ይባላል። ማይልስ ተይዞ፣ ታስሮ ሳለ ፊልሙ ይቆማል። ፋይላችሁ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ከሆነ ሙሉ ነው። ታሪኩ ለሚቀጥለው ክፍል የተላለፈ ነው።