ጥርኝ ውኃ

የካቲት 16ን፣ የእመቤታችንን የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ለማክበር አገር ቤት ወርጄ ነበር። ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ወርቅ ወዲያ። ቅዳሴ ሲያበቃ እናቴ የምትጠጣው ማኅበር ይዛኝ ሄደች። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ናት፤ የሴቶች። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ እሱን ልጻፍላችሁ።

ማኅበሯን የጀመሯት ሰባት ሴቶች ናቸው። አያቴ አንዷ ነበረች። እሷ እንደምትነግረን ነገሩ የተጠነሰሰው ምንጭ ዳር ነው። ከመሃላቸው አንዷ ሴት ልጅ ወለደች። እስከ ክርስትናው 80 ቀን ድረስ ስድስቱ ተራ ገብተው ውኃዋን ቀዱላት። ሕፃኗ ክርስትና ስትነሣ፣ «ይቺ መተሳሰባችን በእመቤታችን ስም ለምን አትቀጥልም?» ተባባሉ። ጽዋ ገዙ። የሸክላ ጽዋ። የመጀመሪያው ዝክር አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጋን ጠላና ንፍሮ ነበር። በቃ።

ወር በገባ በ16 ተረኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ። የነፍስ አባት ታምሯን፣ ተአምረ ማርያምን፣ ያነባሉ። ካልመጣች ሴት ቤት ሙሴዋ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ታማ እንደሁ፣ ተጣልታ እንደሁ። የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋው አይቀመስም። ፊደል የቆጠረች አንዲትም አልነበረችም። ታምሩን ግን በጆሯቸው ተምረው ጨርሰውታል። አንድ ጊዜ ቄሱ ቸኩለው ገጽ ሲያልፉ፣ አያቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ፣ «አባቴ፣ የዓይነ ስውሩን ዘለሉት እኮ» አለቻቸው። ተመልሰው አነበቡ። የሴት ማኅበር የወሬና የጠላ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስቃለሁ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ በጽላሎ ወንበር ዘርግተው ወንዱን ሁሉ ቅኔ ያስተማሩበት አገር እኮ ነው ጎጃም!

በደርግ ጊዜ አኢሴማ፣ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ መጣ፤ ስብሰባ፣ መዋጮ፣ መፈክር። ሄደ። ቀጥሎ በኢሕአዴግ ጊዜ የልማት ቡድንና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ። የሰባቱ ሴቶች ጽዋ ግን በነጠላ ተጠቅልሎ ከቤት ቤት መዞሩን አላቆመም።

አሁን ወዳሳዘነኝ ልምጣ።

ዘንድሮ ተረኛዋ ቤት የፕላስቲክ ወንበር በኪራይ መጥቷል። ለስላሳ በሳጥን ተደርድሯል፤ ቢራም አለ። ማኅበርተኛው ሁሉ ጥለቱ አንድ ዓይነት የሆነ የሐበሻ ቀሚስ አሰፍቷል። ስፒከሩ ከታምሩ በላይ ይጮሃል። ቄሱ አንድ ታምር አንብበው ዘጉ። «ዘለሉት» ያላቸው የለም። ለካ ማንም አይሰማም ነበር።

አንዲት እናት አጣሁ። ልጅ ሆኜ ንፍሮ በእጄ የምታሲዘኝ፣ ባሏ የሞተባት። «የት አለች?» አልኩ። «ወጣች» አሉኝ። ተራዋ ሲደርስ፣ «ይህን ሁሉ አልችልም» ብላ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደጠቀለለች ለቄሰ ገበዙ መልሳ ሄደች። ሙሴዋም አልጠየቀቻት። ማንም አልጠየቃት። እኔም ይህን ሰምቼ፣ መምህር የተባልኩት ሰውዬ፣ ሌላ ብርጭቆ ተቀዳልኝና ጠጣሁ።

ወገኖቼ፣ የካቲት 16 የምናነበው ስለ ማን ነው? ስለ በላዔ ሰብእ አይደለም? 78 ነፍስ የበላ ሰው። አንድ ለምጻም ውኃ ሲለምነው መጀመሪያ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ነበር፤ እምቢ አለው። ስለ ጻድቃን ሰማዕታት አለው፤ እምቢ። ስለ ድንግል ማርያም ሲለው ግን ልቡ ራራ። ምን ሰጠው? ጥርኝ ውኃ። አስቡት እስቲ፤ እጃችሁን አጥፋችሁ ውኃ ብትይዙ ስንት ትይዛላችሁ? ግማሹ በጣታችሁ መሃል ይፈስሳል። ሞቶ ነፍሱ ስትመዘን በሚዛን የተቀመጠችለት ያቺ ውኃ ናት። ጌታም በማቴዎስ 10፥42 ዋጋው አይጠፋም ያለው ስለ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ነው። በሳጥን አላለም።

እኛ ግን ቃል ኪዳኑን አስወደድነው። እመቤታችን በጥርኝ ውኃ የምትሰጠውን፣ እኛ የወንበር ኪራይ የሌላት አታገኘውም አልን። ሐዋርያው ቆሮንቶሶችን ምን አላቸው? «ወይስ የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን? አንዳችም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን?» ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! አጠገቤ ባዶ የሆነውን ቦታ እያየሁ ግን አልታወሰኝም።

እናንተ አቅም አጥታችሁ ከማኅበር የቀራችሁ እናቶች፣ በ16 ቤታችሁ ብቻችሁን ቆሎ ቆልታችሁ ስሟን የምትጠሩ፣ እናንተ ከማኅበሩ አልወጣችሁም። የወጣነው እኛ ነን። ለጎረቤት ልጅ የሰጣችኋት ያቺ ጭብጥ ቆሎ ዝክር ናት። አትፈሩ።

ሙሴ የሆናችሁ ደግሞ፣ ስለ ኪዳኗ፣ ልኩን ወደ ዳቦና ንፍሮ መልሱት። ያላት ብትጨምር ለድኻ ትጨምር። ጽዋውንም ይዛችሁ የቀረችዋ በር ድረስ ሂዱ፤ እሷ ትመጣለች ብላችሁ አትጠብቁ።

ትናንት ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ይህንኑ ነገርኳት። ቆይታ፣ «እሺ፣ እሑድ ከሙሴዋ ጋር እንሄዳለን» አለችኝ። «ምን ይዘን እንሂድ ግን?»

«ምን ቸግሯት ይሆን?» አልኳት።

«ወገቧን ይዟታል። ውኃ የሚቀዳላት የለም።»

ስልኩን እንደያዝን ሁለታችንም ዝም አልን።