ግሮውዝ ፋክተር በአጣዳፊ ሉኪሚያ ሕክምና

አጣዳፊ ሉኪሚያ በኬሞቴራፒ ሲታከም የሚሞተው የካንሰሩ ሴል ብቻ አይደለም። ጤነኛው መቅኒም አብሮ ይመታል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ለሳምንታት ከደም ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ሌላ ጊዜ ተራ የሚባል ኢንፌክሽን ሕይወት ይቀጥፋል። ግሮውዝ ፋክተር፣ ማለትም የደም ሴሎችን የሚያሳድግ ፕሮቲን፣ የሚሰጠው በዋናነት ይህን ክፍተት ለማሳጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ተመራማሪዎቹ ሬይ ብራድሌይ እና ዶናልድ ሜትካፍ ሜልበርን ላይ የአይጥ መቅኒ ሴሎችን አጋር በሚባል ለስላሳ ጄል ውስጥ አሳደጉ። ሴሎቹ በዓይን የሚታዩ ትናንሽ ክምችቶች ሠሩ። የሚያሳድጋቸው ነገር ከሌለ ግን ይሞታሉ። ይህ "የሚያሳድግ ነገር" ምንድን ነው? ሜትካፍና ባልደረቦቹ መልሱን ነጥሎ ለማውጣት ሃያ ዓመት ገደማ ለፉ፤ ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው። ቀዳሚነቱ ብዙ ጊዜ ለሜልበርን ይሰጣል፤ ይሁንና የሬሆቮቶቹ (እስራኤል) ፕሉዝኒክና ሳክስ ተመሳሳይ ሥራ በ1965 አሳትመዋል። በ1986 ኒውትሮፊልን የሚያሳድገው ፕሮቲን፣ የጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ፣ የሰው ጂን ተለየ፤ በ1991 ፊልግራስቲም እና ሳርግራሞስቲም የተባሉት የግሮውዝ ፋክተር መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ።

ሐኪሞች ግን መጀመሪያ ላይ ፈሩ። ማይሎይድ በሚባለው የሉኪሚያ ዓይነት ብዙዎቹ የካንሰር ሴሎች የግሮውዝ ፋክተር መቀበያ አላቸው። መድኃኒቱን መስጠት በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ አይሆንም ወይ? ጥናቶቹ ሲሰበሰቡ ፍርሃቱ በአብዛኛው ረገበ። የኒውትሮፊል እጥረቱ በጥቂት ቀናት ያጥራል። ዕድሜ ማራዘሙ ግን በአጠቃላይ አልታየም፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም።

አንዳንዶች ፍርሃቱን ገልብጠው ተጠቀሙበት። የተኛውን የካንሰር ሴል አንቅተህ፣ ሲከፋፈል በኬሞቴራፒ ምታው የሚል ሐሳብ ነው። ፍላግ የሚባለው የመድኃኒት ጥምረት በዚህ መንገድ ይሠራል። ውጤቱ አከራካሪ ነው።

ግሮውዝ ፋክተር አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በሚባለው ሌላው ዓይነት ላይም ይሰጣል።

የተለመደው የፊልግራስቲም መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ብዙዎች ወገባቸውንና ዳሌያቸውን አጥንት ድረስ ይጠዘጥዛቸዋል፤ መቅኒው ሥራ ጀምሯልና። የመቅኒ ምርመራ ከታሰበ መርፌው ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ይቆማል። አለዚያ በመድኃኒቱ ግፊት የበዙት ለጋ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሥር በሽታው የተመለሰ ያስመስላሉ።