የፒክአፕ ውድድር በኮንክሪት ኦቫል ላይ፦ ምንድን ነው?

ፒክአፕ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ዕቃ ጭኖ የሚከንፍ ሃይሉክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፒክአፖች ብቻ የሚሽቀዳደሙበት የናስካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር አዘጋጅ ድርጅት) ውድድር አለ። ሐሳቡን ያመነጩት በበረሃ ፒክአፕ የሚያሽቀዳድሙ የካሊፎርኒያ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ይፋዊ ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር 1995 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ)፤ የዚያን ዓመት ሻምፒዮናም ማይክ ስኪነር ወሰደ።

መኪኖቹ በስም እንደ ሲልቨራዶ፣ ኤፍ 150 እና ቱንድራ ያሉ ፒክአፖች ናቸው። ከመልካቸው በቀር ግን መንገድ ላይ ከምናያቸው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ጥቂት ነው። ውስጣቸው በብረት ቱቦ የተበየደ አጽም ነው። ስምንት ሲሊንደር ሞተር አላቸው። የኋላው የጭነት ቦታ ተደፍኗል።

ኦቫል ደግሞ ዙሪያው በግንብ የታጠረ ሞላላ መንገድ ነው። የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ነው። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ውጭ እንዳይወረወር ኩርባዎቹ ወደ ውስጥ ዘንበል ተደርገው ይሠራሉ።

አብዛኞቹ ኦቫሎች አስፋልት ናቸው። ኮንክሪት የለበሱት ጥቂት ናቸው። በቴነሲ ግዛት ያለው የብሪስትል ኦቫል በ1992፣ የዶቨር ኦቫል በ1995 አስፋልታቸውን ወደ ኮንክሪት ቀየሩ። በ2001 የተከፈተው፣ እዚያው ቴነሲ ያለው ናሽቪል ሱፐርስፒድዌይ ግን ከመጀመሪያውም በኮንክሪት ነው የተሠራው። ቆላ ላይ ከባድ መኪና የሚመላለስበት አስፋልት በፀሐይ ለስልሶ እንደ ቦይ ሲጎደጉድ ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። በብሪስትል ዘንበል ያለ ኩርባ ላይ በዚያ ፍጥነት የሚጠመዘዙ ጎማዎች አስፋልቱን ይቦጫጭቁት ነበር። ኮንክሪት ይህን ጫና ይችላል። ነጣ ያለ ስለሆነም የቴነሲ የበጋ ፀሐይ እንደ አስፋልት አያለሰልሰውም።

ናሽቪልን እንውሰድ። ከከተማው በመኪና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይርቃል፤ ናሽቪል ደግሞ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች ሄዶ ማየት ለሚፈልግ ሩቅ አይደለም። አንዱ ዙር 1.33 ማይል፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። በናስካር ከሚታወቁት የኮንክሪት ኦቫሎች ሁሉ ረጅሙ ነው። የኩርባው ዘንበልታ 14 ዲግሪ ነው፤ ከብሪስትል አንጻር ገር ነው። አንድ ፒክአፕ አንዱን ዙር በ30 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል።

ለእኔ የዚህ ውድድር ዋናው ጣዕም ያለው ጎማውና ኮንክሪቱ የሚያደርጉት ነገር ላይ ነው። መኪኖቹ ሲዞሩ ከጎማቸው የሚላጠው ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ይለጠፋል። ብዙ መኪና የሚሄድበት መስመር ቀስ በቀስ ይጠቁራል፤ መንገዱ ጎማን የሚይዝበት ሁኔታም ከዙር ዙር ይለወጣል። ጎበዝ ሹፌር አንድ መስመር ላይ ሙጭጭ አይልም። ታች የሚያንሸራትተው ከሆነ ወደ ግንቡ ከፍ ብሎ ይሞክራል።

ከዚያ አደጋ ይደርስና ቢጫ ባንዲራ ይውለበለባል። ሁሉም ፍጥነት ቀንሰው ተሰልፈው ይጓዛሉ። በዚህ ጊዜ የጋለው ጎማ ቅድም የተለጠፈውን ላስቲክ መልሶ ከኮንክሪቱ ላይ ይነቅለዋል። አረንጓዴው ባንዲራ ሲመለስ መንገዱ ከአሥር ደቂቃ በፊት የነበረው አይደለም። ሹፌሩ ቅድም ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ያለፈበት ኩርባ አሁን ላያስተማምነው ይችላል። ውድድሩን በቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ ከቢጫ ባንዲራ በኋላ ያሉትን አምስት ስድስት ዙሮች እንዳያመልጧችሁ።

የኮንክሪቱ መገጣጠሚያም አለ። መንገዱ በየቦታው የተጋጠመ ስለሆነ መኪናው ሲያልፍበት ይንጣል። በዚያ ላይ ፒክአፕ ቁመቱ ትልቅ ነው፤ አየሩን በደንብ ሰንጥቆ አያልፍም። ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው መኪና የታወከ አየር ውስጥ ይገባና አፍንጫውን ወደ መሬት የሚጫነው አየር ይቀንስበታል። መሪውን ወደ ግራ ቢጠመዝዝም መኪናው ወደ ግንቡ ይገፋል። ስለዚህ ፈጣን የሆነ ሁሉ መቅደም አይችልም።

ውሳኔው ብዙ ጊዜ ፒት ውስጥ ነው፤ ፒት መኪኖቹ ጎማ ለመቀየር የሚገቡበት ቦታ ነው። ሠራተኞች በክሪክ አንሥተው በየጎማው አምስት ዳዶ ይፈታሉ፣ አምስት ያጠብቃሉ። አራት ጎማ መቀየር ጊዜ ይበላል። ሁለት ብቻ ቀይሮ መውጣት ፊት ያሰልፋል፤ ግን አሮጌው ጎማ የኋላ ኋላ ያስከፍላል።

ናሽቪል ከ2011 በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ ነበር። በ2021 ሲከፈት የፒክአፑን ውድድር ያሸነፈው ራያን ፕሪስ ነው። በዚህ የውድድር ዓይነት ሲሰለፍ የመጀመሪያው ነበር። በ2022 ተመልሶ እዚያው ደገመው።