አቋራጭ ቁልፍ እምቢ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ አብረውኝ የሚሠሩት የዕለት ሥራቸውን የሚመዘግቡት በኮምፒውተር ነው። በተለምዶ ሾርትከት ስለምንላቸው፣ ሜኑ ሳይከፈት በኪቦርድ ብቻ ትእዛዝ ስለሚሰጡት አቋራጭ ቁልፎች ግን ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች አሉ። በጣም ከሚያደክመን ልጀምር።

«ቁልፉ ካልሠራ ኪቦርዱ ተበላሽቷል»

ባለፈው ሰሞን አንዲት ባልደረባዬ በሥራ መመዝገቢያው ፕሮግራም አዲስ ሥራ ለመመዝገብ አቋራጩን «ኪው»ን ብትጫን ብትጫን መስኮቱ አልከፈት አላት። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ኪቦርዱ ምንም አልሆነም። ደብዳቤ ስትጽፍ ቆይታ አማርኛው ላይ እንደተወችው ዘንግታ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠብቁት የተነካውን ቁልፍ ሳይሆን ከቁልፉ የሚወጣውን ፊደል ነው፤ አማርኛ ላይ ከዚያው ቁልፍ የሚወጣው ደግሞ «ቅ» ነው። በዊንዶውስ፣ የዊንዶውስን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ተጭኖ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ በሁለት ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ግን ይህ ምልልስ ያሰለቻል። ስለዚህ አቋራጩን መቀየር ከቻላችሁ ኮንትሮል ያለበትን ጥምር፣ ማለትም ከሌላ ቁልፍ ጋር አብሮ የሚጫኑትን ምረጡ፤ አማርኛ ላይ ሆናችሁም አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዛል። አልትና ሺፍት ያሉበትን ግን ተጠንቀቁ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ቋንቋ የሚቀይሩት እነሱ ናቸው።

«ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም መቀየር ይቻላል»

እንደ ፕሮግራሙ ነው። የሥራ ዝርዝር መያዣው ቲክቲክ በኮምፒውተር ላይ አቋራጮቹን እንድትቀይሩ ይፈቅዳል። የቡድን ሥራ መከታተያው ጂራ ላይ ግን አቋራጮቹን በሙሉ ማጥፋት እንጂ አዲስ ሥራ የሚከፍተውን «ሲ»ን በሌላ ፊደል መተካት አይቻልም።

«ፕሮግራሙ ካልፈቀደ አለቀ»

አላለቀም። ለዊንዶውስ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፓወርቶይስ አንዱን ጥምር በሌላ ይተካል፣ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ እንዲሠራም ማድረግ ይቻላል። ማክ ላይ በሲስተም ሴቲንግ የኪቦርድ ክፍል ገብታችሁ የሜኑውን ትእዛዝ ስም ጽፋችሁ አዲሱን ጥምር ትሰጡታላችሁ፤ ስሙ ሜኑው ላይ እንዳለው አንድም ሳይዛነፍ መሆን አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተሳስቶ የሚተወው።

«የፈለግሁትን ጥምር መስጠት እችላለሁ»

በብራውዘር ለምትጠቀሙ፣ ኮንትሮልና «ቲ» እንዲሁም ኮንትሮልና «ደብልዩ» የብራውዘሩ ናቸው፤ ገጹ ሊወስዳቸው አይችልም።

«ይሄ የቅንጦት ነገር ነው»

ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳያስበው አንዲት ፊደል ቢነካ ሥራው ወዳላሰበበት ይሄዳል። በድምፅ የሚያስጽፍ ሰው ደግሞ የተናገራት ቃል ፊደል በፊደል ትእዛዝ ልትሆንበት ትችላለች። በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ባለአንድ ፊደል አቋራጮች የሚጠፉ ወይም የሚቀየሩ እንዲሆኑ፣ ካልሆነም ተጠቃሚው በከፈተው ቦታ ላይ ብቻ እንዲሠሩ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቢሮአችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ባልደረባ ካለ ከራሳችሁ ኮምፒውተር በፊት የእሱን አስተካክሉለት።